ማንም ያላረደው ልብ

መምህር አበጀ በትምህርት ቤቱ በር ብቅ ሲል ተማሪው ሁሉ እጁን ኪሱ ላይ ይጥላል። ሌባ መጣ ብሎ አይደለም። ጭልፊቱ መጣ ብሎ ነው።

ቅጽል ስሙም በከንቱ አልወጣለትም። ጭልፊት ጫጩት ስትነጥቅ እንኳ እናቲቱ ዶሮ ትንጫጫለች፤ አበጀ ስልክ ሲነጥቅ ግን ኮሽ የሚል ነገር የለም። ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ፣ ኋላ ዴስክ ሥር የበራችው ስክሪን ትታየዋለች። በምን እንደሚያያት እግዜር ይወቅ! ጠመኔውን ያስቀምጣል፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ መዳፉን ይዘረጋል።

«ወዲህ በላት።»

በቃ። ስልኳ መምህራን ማረፊያ ካለው የብረት ጠረጴዛ መሳቢያ ትገባለች፤ ወላጅ መጥቶ ካልተረከባት ወይ ፍንክች። ብዙው ተማሪ ደግሞ ለወላጁ ከሚናገር ስልኩ ሞቷል ብሎ እርሙን ቢያወጣ ይመርጣል። እናም መሳቢያዋ ጠገበች። የሒሳቡ መምህር ነገሪ፣ የባምባሲ ልጅ ነው፣ ቀልድ ካላወራ ምሳ የማይወርድለት፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር መሳቢያዋን በጣቱ አንኳኩቶ፣ «አቤ፣ እኔና አንተ ገበያ ውስጥ የሞባይል ሱቅ ብንከፍት ምን ይለናል?» ይለዋል።

አበጀ አይስቅም ነበር። ስልክን አምርሮ ይጠላ ነበራ! በክፍል ውስጥ ስልክ እንዳይያዝ የሚለውን ደንብ ያረቀቀው እሱ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ስልክ እሳት ነው፤ እሳት ለልጅ አይሰጥም» ብሎ ያስወሰነውም እሱ። ያን ቀን ከሁሉ በላይ ያጨበጨበችለት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኑራ ነበረች። ኑራ አሶሳ ገበያ ላይ ቶብ የምትሸጥ፣ የበርታ ሴቶች ከላይ የሚጎናጸፉትን ያን ረጅምና ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ ማለቴ ነው፣ ቃሏ እንደ ሚዛኗ የማይዛነፍ ሴት ናት። የሴት ልጇ የኸድራ ስልክ የተያዘ ጊዜ ተጠርታ መጣችና፣ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛዋ ምን አለች መሰላችሁ?

«ወላሂ አልወስድም። ኸድራ ማታ ሙሉ ስልክ ይዞ ያድራል፣ ጠዋት ዓይኑ ቲማቲም ነው። እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይሙት!»

ስልኩም እዚያው ከረመ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ስልክ ለምኖ ወደ ክፍል ሊያስገባ የተነሳው። እንዴት ሆኖ ብትሉ፣ በልብ ምክንያት ነው። በሥጋው ልብ።

አበጀ አሶሳን ያወቃት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው፤ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ሲመጡ እግሩ ገና መሬት አልቆነጠጠም ነበር። በሰፈራ መንደሩ ትምህርት ቤት ሲማር፣ መጽሐፍ ለአምስት ለስድስት አንድ በሆነበት ጊዜ፣ መምህሩ የሰውን ልብ መሬት ላይ በእንጨት ጭረው አሳዩአቸው። አራት ክፍል ያለው ቤት መሰለው። «ደም በዚህ በር ይገባል፣ በዚያ በር ይወጣል» አሏቸው። ከዚያ ዶሮዎች መጥተው ልቡን ጫሩት። የልብ ትምህርቱ እዚያ ላይ አበቃ።

አድጎ እሱም የባዮሎጂ መምህር ሆነ። እንጨቱ ወደ ጠመኔ ተለወጠ፣ መሬቱ ወደ ሰሌዳ፤ ሌላው ያው ነው። ቀይና ሰማያዊ ጠመኔ ከኪሱ አይለይም። ግን ምን ያደርጋል! አንድ ጊዜ ፈተና ላይ «ልብን ሥላችሁ ክፍሎቹን ሰይሙ» ቢል፣ አንዱ ተማሪ ፍላጻ የተሰካበት፣ ከሥሩ የሴት ልጅ ስም የተጻፈበት ልብ ሥሎ ሰጠው። አበጀ ተናደደ፤ ማታ ግን ሲያስበው ልጁ እውነቱን ነው። ሌላ ልብ የት አይቶ?

ስለዚህ እውነተኛ ልብ ላምጣ አለ። ማለዳ ተነስቶ በሩ ላይ መስቀል ከተሣለበት ሥጋ ቤት የበሬ ልብ ገዛ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ገባ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። «ኑ፣ ቅረቡ፣ እየነካችሁ እዩ!» ከክፍሉ እኩሌታው ከዴስኩ ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ ጥቂቶቹ ተነስተው ወጡ። ሙስሊም ልጆች ናቸው፤ የክርስቲያን እርድ ነው። አበጀ ግንባሩን መታ። የወሎ ሰው ሆኖ፣ የገዛ አክስቱ ሙስሊም አግብታ፣ ድግስ በተደገሰ ቁጥር ሁለት በሬ ሲታረድ እያየ አድጎ፣ ይህ ይጠፋዋል? ጠፋው!

በዓመቱ ካሰ። ጨረቃ ከተሣለበት ሥጋ ቤት ገዛ። አሁን ደግሞ እነዚያ ቀርበው እነዚህ ሸሹ። በዚያ ላይ ጾም ገብቷል። በማግስቱ አቶ ሙላቱ የሚባሉ ከመንደሩ ሰፋሪዎች አንዱ ዱላቸውን ይዘው መጡና፣ «አበጀ፣ ልጄን ባዮሎጂ አስተምር አልን እንጂ ሥጋ አስነካ አልን?» አሉት። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ የኑራ የበኩር ልጅ አልአሚን ነበር ከበሩ ውጭ የቆመው። ጎበዝ ልጅ ነበር። በበሩ ስንጥቅ አንገቱን አስግጎ ለማየት ሲሞክር አበጀ አይቶታል፤ ያቺ የልጁ አንገት እስከ ዛሬ ዓይኑ ላይ አለች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጠመኔው ተመለሰ።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ለመምህራን ሥልጠና ተብሎ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተጠራ። አሠልጣኟ ሰብለወንጌል ትባላለች፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ ልጁ የምትሆን ኮምፒውተር አስተማሪ። «ዛሬ የምናየው ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል» አለች። አበጀ በልቡ፣ «ስሙን ጠርተን ሳንጨርስ ሻይ ሰዓት ይደርሳል» አለ። እሷ ግን አንዲት ባለቀለም ሥዕል ያለባት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስልኳን ከበላይዋ ያዘችና፣

«ጋሽ አበጀ፣ እስቲ በስልኩ አሻግረው ይዩ» አለችው።

አየ። ካርዷ ላይ ልብ ቆሟል! ቀይ፣ ጡንቻው የሚታይ፣ ብቅ ጥልቅ እያለ የሚመታ ልብ። አበጀ ስልኩን ወደ ጎን ቢያዞረው የልቡ ጎን ታየ፤ ዞሮ በጀርባው ቢመጣ የልቡ ጀርባ። ጣቱን ሰደደ፤ ጣቱ አለፈ። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ፤ ምንም የለም።

«ካርዷን ሲያያት ስልኩ ራሱ ያውቃታል፤ ምስሉን እላይዋ ላይ ይደርብላታል» አለች ሰብለወንጌል እየሳቀች። «አንዴ ከተጫነ ኔትወርክም አይፈልግም። እዚህ ጋ ሲነኩት ደግሞ ይከፈታል።»

ነካው። ልቡ ለሁለት ተከፈለ። አራቱ ክፍሎች! ያ በዶሮ የተጫረው ቤት፣ በሮቹ ሲከፈቱ ሲዘጉ፣ ደሙ በዚህ ሲገባ በዚያ ሲወጣ! አበጀ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻውን ይስቅ ነበር፤ ሾፌሩ በመስታወት እያየ፣ «ምነው ጋሼ፣ ዕጣ ወጣልዎት እንዴ?» አለው።

«ልብ ነው የወጣልኝ!» አለ አበጀ። ሾፌሩ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ነዳ።

ትምህርት ሲከፈት ነገሩ ጠና። አንድ ስልክ ለስልሳ ተማሪ ምን ይሆናል? ቢያንስ ለየቡድኑ አንድ ያስፈልጋል። ስልክ ያለው ደግሞ ተማሪው ነው፤ ተማሪው እንዳይዝ የከለከለው እሱ ራሱ። ርዕሰ መምህር ሱለይማን ጋ ሄዶ ቢያስረዳ፣ ሱለይማን ረጋ ብሎ ሰማና፣ «ደንቡን ያወጡት ወላጆች ናቸው፤ የሚሽሩትም እነሱ» አለው። «ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ያሳምኗቸው። እምቢ ካሉ ግን ነገሩ ይዘጋል፤ ዳግም አናነሳውም።»

አበጀ ለቅዳሜ ተሰናዳ። ሰብለወንጌል በቀለም ያተመችለት አንድ ሙሉ የካርድ ስብስብ አለ። እዚህ አገር መቼም የተከበረ ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል፤ ልደት ካርድ፣ ዲፕሎማ፣ የመሬት ደብተር፣ የሟች አባት ፎቶ። አበጀም ካርዶቹን መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቶ ቤት ወስዶ ዳር እስከ ዳር ላሚኔት አስደረጋቸው። እንደ መስተዋት አበሩ። «ይኸው፣ ለልጅ ልጅ ይደርሳሉ!» አለ፣ በደስታ እያገላበጠ። ማሰብ የነበረበትን አንድ ነገር ግን አላሰበም።

ቅዳሜ ክፍሉ ስላልበቃ ስብሰባው ከማንጎው ዛፍ ሥር ሆነ። ወላጁ በዴስክ፣ በድንጋይ፣ በሥሩ ላይ ተቀመጠ። ኑራ ከገበያ በቀጥታ መጥታለች፤ የቶብ እሽጓን ከጎኗ አኑራለች። አበጀ ቆሞ፣ ስልክ ወደ ክፍል ይግባ ብሎ ሲጀምር ጉርምርምታው እንደ ንብ ተነሳ።

«ኡስታዝ» አለች ኑራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ መምህር ማለቷ ነው። «እሳት ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ዛሬ እሳቱን በሰሃን አድርገህ ለልጄ ይዘህ መጣህ?»

ወላጁ ሳቀ። አቶ ሙላቱም ከወዲያ፣ «ጭልፊት ጫጩት ሊያሳድግ ተነሳ በሉኛ!» አሉ። ሳቁ ባሰ። ለካ ቅጽል ስሙን ወላጅም ያውቀዋል!

«እትዬ ኑራ፣ አቶ ሙላቱ፣ ከአፌ ሳይሆን ከዓይናችሁ ተቀበሉ» አለ አበጀ። ካርዷን ዴስክ ላይ አስቀመጠ። ስልኩን ከበላይዋ ያዘ።

ምንም።

ራቅ አደረገው፤ ምንም። ቀረብ፤ ምንም። ካርዷ ፀሐይዋን በቅጠል መሃል ተቀብላ ቦግ፣ ቦግ ትላለች፤ ስልኩ ዓይኑ እንደታመመ ሰው ያፈጣል። የአበጀ አንገት በላብ ተነከረ። ከኋላ አንዱ፣ «ልቡ ገበያ ሄዶ ይሆናል!» ሲል ሰማ። በዓይኑ ላይ የአልአሚን አንገት መጣበት። ይህ ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ነገሪ ደረሰለት። በራሱ ስልክ ሰብለወንጌል ዘንድ ደወለ፣ ድምፁንም ለሁሉ ለቀቀው።

«ጋሽ አበጀ፣ ካርዱን ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? ላሚኔት ነው ያስደረግሁት!»

«ወይኔ ጋሼ! ያንጸባርቃላ! ስልኩ ብርሃኑን እንጂ ሥዕሉን አያይማ። ጥላ ይፈልጉለት፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ!»

ነገሪ ጃንጥላ ዘረጋ፤ ብርሃኑ በጎን ገባ። ሱለይማን ኮቱን አውልቆ ከለለ፤ አልበቃም። አበጀ ላሚኔቱን በጥፍሩ ሊልጥ ሞከረ፤ የካርዷ ጥግ አብሮ ሊቀደድ ሆነ። ሰው መነሳት ጀመረ። አንዳንዱ ጫማውን እያራገፈ ነው።

«ቁጭ በሉ!» አለች ኑራ።

ሁሉም ቁጭ አለ።

«እኔ አልስማማም» አለች፣ «ግን ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ሳይዘረጋ አልገዛም ይባላል? አይባልም። መጀመሪያ እናያለን፣ ከዚያ እምቢ እንላለን።» እሽጓን ፈታች። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ቶብ፣ ዳር ዳሩ ብርቱካናማ፣ እንደ ጎርፍ ከእጇ ተለቀቀ። «አንተ ያዝ፣ አንቺ ያዝ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ሁሉም ጥግ ይያዝ!»

አራት ሴቶች አራቱን ጥግ ይዘው ከፍ አደረጉት፤ ትርፉን በጎን በጎን ለቀቁት። ከማንጎው ሥር ሰማያዊ ድንኳን ቆመ። አበጀ ገባ። ኑራ ገባች። አቶ ሙላቱም «እስቲ ልይ ይሄን ጉድ» ብለው ዱላቸውን አስደግፈው ጎንበስ ብለው ገቡ።

ስልኩ አንዴ ብልጭ አለ። ካርዷን አወቃት።

ልቡ ተነስቶ ቆመ። ሰማያዊው ጥላ ውስጥ ቀይ ሆኖ፣ ብቅ፣ ጥልቅ፣ ብቅ፣ ጥልቅ።  አበጀ በጣቱ ነካው፤ ተከፈተ። በሮቹን አሳያቸው፤ ደሙ በዚህ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል። ኑራ መዳፏን ከልቡ ሥር አደረገች፤ በስልኩ ሲታይ የሰው ልብ በእጇ የያዘች መሰለች።

«ማሻአላህ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ቀና ብላ የነጋዴ ዓይኗን አበጀ ላይ ተከለች። «ይሄ ልብ ማን ነው ያረደው?»



«ማንም አላረደውም እትዬ ኑራ።»

«ማንም?»

«ማንም። ሥጋ የለው፣ ደም የለው። ብርሃን ነው። የማንም እርድ አይደለም።»

ኑራ መዳፏን ከልቡ ሥር አወጣች። «አልአሚን በር ላይ ቆሞ ዋለ ያን ቀን» አለች። «ቤት ሲመጣ፣ እማ፣ ልብ ምን ይመስላል አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

«የእኔም ልጅ በዓመቱ ውጭ ቆሟል» አሉ አቶ ሙላቱ፣ ጉሮሮአቸውን ጠርገው። «ያኔ ተቆጥቼህ ነበር አበጀ።»

«ትክክል ነበሩ» አለ አበጀ።

ከቶቡ ሥር የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሊገቡ የተሰለፉት ግን መላው ወላጅ። ጥግ የያዙት ሴቶች እየተፈራረቁ ገቡ። ከኋላ «ልቡ ገበያ ሄዷል» ያለው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ገባ፤ ነገሪ እጁን ይዞ አስወጣው። ሁሉም አይቶ ሲያበቃ ኑራ ወደ መሃል ወጣች።

«ስልክ በዘንቢል ይገባል፣ በዘንቢል ይወጣል። ልብ ሲያልቅ ስልክም ያልቃል። በኪስ የተገኘ፣ ኡስታዝ እንደ ልማዱ ይንጠቀው። ተስማማን?»

«ተስማማን!»

ቶቡን አጣጥፋ ለአበጀ ሰጠችው። «መስኮት ላይ ስቀለው። ለላሚኔትህ መጋረጃ» አለችና፣ መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር ብላ፣ «የኸድራንም ስልክ ከሞት አስነሳው» አለች።

ሰኞ ክፍሉ ውስጥ ሰማያዊ ጥላ ወርዷል። መሳቢያዋ ተከፍታለች፤ ለዓመት የተኙት ስልኮች ቻርጅ ተደርገው፣ ልቡም ተጭኖባቸው፣ ባለቤቶቻቸውን ፈገግ እያሰኙ በዘንቢል ገብተዋል። ኸድራና የአቶ ሙላቱ ትንሿ ልጅ ሐሴት በአንድ ስልክ ላይ ግንባር ለግንባር ገጥመዋል።

«ነካሁት!» አለች ሐሴት።

«ምኑን ነካሽ? አየር ነው የነካሽው» አለች ኸድራ። «ቆይ፣ በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ለምን ወፈረ? ቲቸር! ይሄኛው ለምን ወፈረ?»

አበጀ በሰሌዳ ዘመኑ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም። «እሱ ነዋ ደሙን እስከ እግር ጣትሽ የሚገፋው!» ብሎ ወደ እነሱ ሊሮጥ ሲል፣ ከገዛ ኪሱ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልቦቹ ብቻ ካርዶቹ ላይ ይመታሉ።

ኸድራ ቀስ ብላ ተነሳች። ተራመደች። መዳፏን ዘረጋች።

«ወዲህ በሏት ቲቸር።»

አበጀ ግራ ቀኙን አየ፤ ማምለጫ የለም። ስልኩን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖራት። ኸድራ ስክሪኑን አየት አድርጋ፣ ዘንቢሉ ውስጥ እየጨመረችው፣

«ባለቤትዎ ናቸው የደወሉት» አለች። «ግን ወላጅ ይዘው ካልመጡ አይመለስም።»